ሁለቱ የቅሬ ድስቶች

ሰኞ፣ ጥር 19

«ያላወቁት ነገር አያስጠይቅም። አላህን ሥራ ፈት አረግሽው እንዴ?»

ይህን ያለችው ሰኞ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ናት፤ የተነገራት ደግሞ አጠገቧ ቲማቲም የዘረጋችው ጎረቤቷ። ስለ ምን እንደሚያወሩ አልሰማሁም፤ መስማትም አላስፈለገኝም። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ገዛሁ፤ ፍርዱን ምራቂ አድርጌ ወሰድሁ። እንዲህ ያጠረና የጠራ ፈትዋ ሰምቼ አላውቅም።

ፈትዋ ለምን እንዳስፈለገኝ ልጻፈው።

ትናንት ሀጂ ሀፊዝ ልጃቸውን ዳሩ። ሠርጉ የሙስሊም ነው፤ ሰፈራችን ግን እኩል በእኩል ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የምንዳረውም የምንቀበረውም ባንድ ቅሬ ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ «የናንተ እድር» ይለዋል። እድርማ ሬሳ ብቻ ነው የሚቀብር፤ የኛ ቅሬ ጠብም ይቀብራል። ስለዚህ ድግስ ሲኖር ሁለት ወይፈን ይጣላል፤ አንዱን ሙስሊም ያርደዋል፣ አንዱን ክርስቲያን። ሁለት ድስት ይጣዳል። የሙስሊሙን የሀጂ እህት ነጂባ ሠራች፤ የክርስቲያኑን እንደ ሁልጊዜው ጎረቤታችን ብዙዬ። ድስቶቹ የቅሬው ናቸው፤ ባንድ ቀን ከአንድ ሱቅ የተገዙ መንትዮች። የሚለዩት እጀታቸው ላይ በሚታሰር ጨርቅ ነው፤ አረንጓዴ ለሙስሊሙ፣ ቀይ ለክርስቲያኑ። ጠባቂያቸው እኔ ነኝ። ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ሳስተምር ጡረታ ስለወጣሁ፣ ሥነ ምግባር ያስተማረ ሰው ድስት መጠበቅ አያቅተውም ተብሎ ይታመናል።

ልክ ምሳ ሊቀርብ ሲል ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። ሴቶቹ ወደ ድንኳኑ ሮጡ። ድስቶቹ ሜዳ ላይ ቀሩ። የአስተናጋጆቹ አለቃ ጣሀ ላስቲክ ተከናንቦ መጣና አንዱን እጀታ እሱ፣ አንዱን እጀታ እኔ ይዘን ወደ ግድግዳው ጥግ ልናዛውራቸው ሆነ። በግራ እጄ ያዝሁት፤ እጀታው እሳት ነው። ጣሀ በላስቲኩ ያዘ። እኔ ምን ልያዝበት? ጨርቆቹን ፈታሁና መያዣ አደረግኋቸው። አዛወርን። ጣሀ ሳህን ሊያመጣ ሮጠ። እኔ ጨርቆቹን መልሼ አሰርሁ። እንደነበሩ።

እንደነበሩ ያልሁት ትናንት ነው። ወደ ማታ ድስቶቹ ታጥበው ወደ ቅሬው ዕቃ ቤት ሲገቡ (ዕቃ ቤቱ ከኔ ግቢ ጋር ግድግዳ ይጋራል) አረንጓዴ የታሰረበት ድስት ሆዱ ላይ ስርጉድ አለው። ስርጉዱን አውቀዋለሁ። አምና ከጋሪ ላይ የወደቀው፣ የብዙዬ ድስት ነው።

ማለትም ሙስሊሙ የክርስቲያኑን በላ፤ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን። ስለ እኩልነት ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬ በተግባር ያዋልሁት ትናንት ነው።

ማንም አያውቅም። ስለዚህ ማንም አይጠየቅም። የሽንኩርቷ ሴትዮ ትኑር። የግራ መዳፌ ግን ያቃጥለኛል።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ፋኢዛ መዳፌን አየችው። ሻይ ፈሶብኝ ነው አልኋት።

«ሻይ በመዳፍ መጠጣት መቼ ጀመርህ?»

ሚስቴ ዳኛ ብትሆን አገሩ ጠበቃ አያስፈልገውም ነበር።  እራት ላይ ሥጋ ነበር። እንጀራውን ብቻ በላሁ።

ዓርብ፣ ጥር 23

ታወቀ።

ከጁምዓ ስንወጣ ጫማ ማስቀመጫው አጠገብ ጣሀ ለሁለት ሰዎች ያወራል። ጣሀ መጥፎ ልጅ አይደለም፤ ዝም ማለት አይችልም እንጂ። «አረንጓዴ ካለበት ነው የቀዳሁት፣ ወላሂ! ግን ስርጉድ ነበረው። አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ስርጉድ ያለው እኮ የብዙዬ ነው!»

ከሰዎቹ አንዱ «እና ጨርቁን ማን ቀየረው?» አለ።

ሌላው ወዲያው መለሰ፤ «ማን ይሆናል? ባለድስቷ ናታ።»

«መምህር ሚስባህ እዚያው ቆመው እየጠበቁ?»

«አዘናግታቸው ነዋ! መምህር እንኳን ጨርቅ ሊቀይሩ ሱሪያቸውን የሚቀይሩት ሚስታቸው ስትነግራቸው ነው።»

ሳቁ። እኔ ከምሰሶው ወዲያ ጫማዬን እያሰርሁ ነበር። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም፤ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

የሰማሁትን ሳሰላስለው የገረመኝ ይህ ነው፤ ስሜ ተነሥቷል፤ የተነሣው ግን እሷን ሊያስከስስ ነው። እኔ ታማኝ ስለሆንሁ እሷ ጥፋተኛ ናት። የታማኝነት ጥቅሙ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ ነበር፤ መልሱን አሁን ነው ያገኘሁት።

ለፋኢዛ ነገርኋት፤ ማለት የሰማሁትን። ሳህኑን ከእጇ ጣለችው።

«ብዙዬ? ብዙዬ! መርየምን ስወልድ ታይፎይድ ይዞኝ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ስተኛ ልጄን ማን ነው ያጠባት? አንተ ነህ?»

«እኔ አይደለሁም» አልሁ። ይኸኛው እውነት ነው።

ልጄ የብዙዬን ጡት ጠብታ ነው ያደገች። በሸሪዓው ልጇ ናት፤ የብዙዬን ወንድ ልጅ ማግባት አትችልም፣ ወንድሟ ነውና። ወተቱ እናት ያደርጋል፤ ወጡ ግን ሌላ ነው። ሕጉ ይገባኛል። 

ማክሰኞ፣ ጥር 27

ክርስቲያኖቹም ሰሙ። «ለመሆኑ እኛንስ ያበላን ማን ነው?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ባለፈው ሳምንት አብረው ከአንድ ጠረጴዛ ሻይ ሲጠጡ የነበሩ ሰዎች ዛሬ መንገድ ላይ ሰላምታቸው አጥሯል። «አማን ነው?» ይባላል፤ መልሱ ሳይጠበቅ ይታለፋል።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ነበር። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ድስቶቹ በነፋሱ ይንኳኳሉ። ግድግዳዬ ዘንድ ተቀምጬ ላነብ ሞከርሁ። አንድ ጀርመናዊ ፈላስፋ ለነፍሰ ገዳይ እንኳ መዋሸት አይገባም ይላል። ሠርግ ቤት ድስት ጠብቆ አያውቅም።

ኳ። ከዚያ ዝም። ከዚያ ኳ።

ሐሙስ፣ ጥር 29

ብዙዬ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆመች፤ ግቢ ብላት አልገባችም። እዚህ ቤት በር አንኳኩታ የምታውቅ ሰው አልነበረችም።

«ጋሽ ሚስባህ፣ አንቱ ነበሩ ድስቱ ዘንድ። ምን አዩ?»

«ዝናብ ነበር» አልኋት።

«ዝናቡንማ እኔም አይቸዋለሁ።»

 ፋኢዛ ገበያ ነበረች፤ ባትኖር ይሻላል አልሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ በኖረች አልሁ። የብዙዬ ዓይን በጨርቅ የተጠቀለለ መዳፌ ላይ አረፈ።

«እጅዎን ምን ነካዎ?»

«ሻይ ነው።»

«አይ ሻይ» አለች።  ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ሄደች።

ዓርብ፣ ጥር 30

ብዙዬ በጎረቤት እሬት ላከችልኝ፤ ለቃጠሎ። «ቆርጦ ውስጡን ይቀባ፤ ድስት ያቃጠለው ቶሎ አይሽርም» ብላለች አለችኝ መልእክተኛዋ። የሻይ ነው ብዬ ነግሬያት ነበር። መልእክተኛዋ ተሳስታ ይሆናል።

ቀባሁት። ያበርዳል።

ሰኞ፣ የካቲት 3

ሸህ ሙንዚርን ጠየቅኋቸው። የቅሬያችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ኪታብም ሰውም ያነበቡ። አንድ ወዳጅ አለኝ አልኋቸው። ወዳጄ፣ ሌላ ከተማ የሚኖር፣ እንዲህ እንዲህ ዓይነት ነገር ገጥሞታል አልሁ። ከተማውን ወልድያ አደረግሁት።

ሸህ ሙንዚር ሙስበሐቸውን እየቆጠሩ ሰሙኝ።

«የበላው ሳያውቅ ነው የበላው፤ ቢስሚላህ ብሎ። አብሽር፣ ምንም የለበትም። ያበላውም ተሳስቶ ነው፤ ስሕተት ለዑመቱ፣ ለነቢዩ ተከታይ ሁሉ፣ ይቅር የተባለ ነው።»

ልነሣ ስል ቀጠሉ። «ግን በዚያ ወዳጅህ ስሕተት ሌላ ሰው ይታማል ወይ፣ ወልድያ?»

«ይታማል መሰለኝ።»

«እሱ እያወቀ ዝም ብሏል?»

«ለጊዜው።»

«እንግዲያ ያ የወይፈን ሥጋ ጉዳይ አይደለም መምህር። ሐሜት የወንድምን ሥጋ መብላት ነው ተብሏል። እሱን ደግሞ ማንም ቢስሚላህ ብሎ ቢያርደው ሐላል አይሆንም።»

ለወዳጄ እነግረዋለሁ አልሁ።

«ሰላም በልልኝ» አሉ ሸሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ሌላ አስተያየት ማግኘት ደግ ነው። ቄስ ጸጋውን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጠብቄ አብሬያቸው ቁልቁል ሄድሁ። ከልጅነት ጀምሮ እንተዋወቃለን፤ እሳቸው ዳዊት ሲደግሙ እኔ ቁርአን እቀራ ነበር፤ የተጋራነው አንዱን የኮክ ዛፍ መዝረፍ ነበር። ወዳጄን ወደ ቆቦ አዛወርሁት።

«ለበሉት ጸሎት ይደረግላቸዋል፣ ጠበል ይረጫሉ። ቀላል ነው» አሉ።

«ተመስገን።»

«አንተ ግን የጠየቅኸኝ ስለ በሉት ነው ወይስ ስላበላው?»

«ስለ በሉት።»

«እንግዲያ መልስህን አግኝተሃል፤ ቤትህ በዚያ በኩል ነው። ምን ያስከትልሃል?»

እስከ ባጃጁ ተራ ድረስ ተከተልኋቸው።  ባጃጅ ውስጥ ገብተው አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ለዚያ ለቆቦው ሰውዬ ንስሐ አባት ፈልግለት» አሉኝ። «ሙስሊም ነው» አልሁ። «ታዲያ ሸሁ ምን አሉት?» ባጃጁ ተነሣ።

ሁለት ሃይማኖት ባንድ ነገር ተስማምቶ ያየሁት ዛሬ ነው። ከሰው ሁሉ እኔን መርጠው።

እሑድ፣ የካቲት 9

የቅሬው ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እኔም ስላለሁበት ተቀመጥሁ።

የተነሣው ሐሳብ ይህ ነው፤ ቅሬው ለሁለት ይከፈል። የሙስሊም ቅሬ፣ የክርስቲያን ቅሬ። ድንኳኑ ይቆረጥ። ወንበሩ ይካፈል። አንዱ ወጣት «መቃብር ቆፋሪዎቹስ?» አለ። እስካሁን ሙስሊም ሲሞት ጉድጓድ ከሚቆፍሩት ግማሾቹ ክርስቲያን ናቸው፤ ክርስቲያን ሲሞት ደግሞ ቃሬዛውን ሙስሊም ይሸከማል። «ያም ይለይ» አለ ሌላው። ከዚያ ሁሉም መሬት መሬቱን አዩ።

ሸህ ሙንዚር «ከረመዳንና ከዒዱ በኋላ ጠቅላላ ስብሰባ ይጠራ፤ ጥፋተኛው እስከዚያ ራሱ ይምጣ» ብለው ዘጉት። «ራሱ» ነው ያሉት። ሌሎቹ «ራሷ» ብለው ተቀበሉት።

እኔ? ስብሰባው በጊዜ እንዲያልቅ ሐሳብ ሰጥቻለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ዐቢይ ጾም ትናንት ገባ። ረመዳን ደግሞ በዚሁ ሳምንት መጨረሻ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሊጾም ነው፤ ባንድ ላይ፣ ለየብቻ።

የብዙዬ ጣሪያ ላይ ድንጋይ ወደቀ። «ወደቀ» ነው የሚባለው። ድንጋይ ከሰማይ የሚወድቅበት ሰፈር ሆነናል። ለቅሶም ድግስም ሲኖር «ብዙዬን ጥሩ» የሚባለው ቀርቷል። ከሁለቱም ወገን። ክርስቲያኖቹም አይጠሯትም፤ ያስጠረጠረችን እሷ ናት ይላሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የተስማማበት ሁለተኛው ነገር ይህ ነው።

ዛሬ በበሯ አለፍሁ። በሩ ተዘግቷል። ላንኳኳ እጄን አነሣሁ። ቃጠሎው ሽሯል፤ ጠባሳው ግን የእጀታ ቅርጽ ይዞ ቀርቷል፤ የተጠማዘዘ። እጄን መለስሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ብዙዬ ሄደች። ኮምቦልቻ፤ መርየም ዘንድ።

መርየም ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ከጓደኛዋ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታለች። በስልክ ፋኢዛን አነጋገረቻት። «እናቴን ወስጃታለሁ» አለቻት። ፋኢዛ ስልኩን ስትዘጋ አለቀሰች። «እናቴ ያለችው እኔን መስሎኝ ደነገጥሁ» አለችኝ፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ ደግሞ አለቀሰች።

«ሰውዬ» አለችኝ።

«አቤት።»

«ምንም።»

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ኮምቦልቻ ወረድሁ። ጾም ላይ ቁልቁለቱ ያዞራል፤ ሚኒባሱ ሲጠማዘዝ አንጀትም ይጠማዘዛል። ደሴ ብርድ ነበር፤ ታች ሙቀት። ሰው ከብርዱ ሲወርድ ጉዳዩም የሚቀልለት መስሎኝ ነበር።

ብዙዬን ፋብሪካው በር አካባቢ አገኘኋት። ላስቲክ ወጥራ ምግብ ትሸጣለች። ከቀትር ወዲያ ለክርስቲያኖቹ ሠራተኞች ሽሮና ምስር፤ ወደ መግሪብ፣ ጾም መፍቻው ላይ፣ ለሙስሊሞቹ ሳምቡሳና ሾርባ። ከየገጠሩ የመጡ ልጆች ናቸው፤ ማን ምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም፤ ሥጋ የለማ። ሁለቱም ካንድ ዘይት ይበላሉ። ሥጋ የሌለበት አገር ሰላም ነው።

መርየም ከሥራ ወጥታ መጣች። አቀፈችኝ፤ ወዲያውም ወደ ጎን ወሰደችኝ።

«አባ፣ እውነቱን ንገረኝ። እማ ብዙዬ አድርጋዋለች?»

«አላደረገችም።»

«ማን ነው ታዲያ?»

«ዝናብ ነበር፣ ልጄ።»

«ዝናብ ጨርቅ ያስራል?»

ይህቺን ልጅ ያስተማርኋት እኔ ነኝ። በጥያቄ ላይ ጥያቄ ማንሣት ደግ ነው ያልኋትም እኔ ነኝ። አዛን ተሰማ፤ አዳነኝ።

ብዙዬ ተምርና ውኃ አቀረበችልኝ። እሷ ራሷ ጾመኛ ናት፤ በራሷ ጾም። ካፈጠርሁ በኋላ አጠገቤ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ከዒድ በኋላ ስብሰባ አለ አሉ።»

«አለ።»

«እመጣለሁ። እኔ ነኝ ያደባለቅሁት እላለሁ።»

«አንቺ አይደለሽም እኮ!» አልሁ። ድምፄ ከፍ ብሎ ሠራተኞቹ ዞር አሉ።

«አይደለሁም» አለች በዝግታ። «ግን እኔ ነኝ የሚል ሰው ከጠፋ ቅሬው ይከፈላል። ማን እንዳጠፋ ሳይታወቅ ሲቀር እኮ ነው ጋሽ ሚስባህ፣ ሰው ሁሉ ሁሉን የሚጠረጥረው። ጥፋተኛ ከተገኘ ይታረቃል፤ ይለቀቃል። ደግሞስ ቢከፈል እኔ የት ልግባ? ባሌን ተሸክመው የቀበሩት እስላሞች ናቸው። ልጄን ያሳደገልኝ የፋኢዛ ቤት ነው። የትኛውን ግማሽ ልያዝ?»

ሳምቡሳውን ገለበጠች። ዘይቱ ተንጫጫ።

«እጁ የተቃጠለ ሰው ያገኘውን ጨርቅ ይይዛል» አለች ዘይቱን እያየች። «ከክፋት አይደለም። ማንም ያደርገዋል።»

በአጠቃላይ ስለ ሰው ልጅ የተናገረችው ይመስለኛል።

«የሚሻለው እውነቱ ነው» አልሁ።

«እሱማ ነው። ስብሰባው ገና ነው» አለች። «እስኪናገር ድረስ እጠብቃለሁ።»

ማንን እንደምትጠብቅ አልጠየቅኋትም። ሳምቡሳ ጠቅልላ ለፋኢዛ ሰጠችኝ። በሚኒባሱ ጭኔ ላይ ይዠው ዳገቱን ወጣሁ፤ ትኩስ ነበር።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

መናገር። ቀላል ነው። ሁለት ሺህ ተማሪ ፊት ተናግሬ አውቃለሁ፤ ስለ ግልጽነት።

ቢሆንም፣ እኔ ብናገር ማን ይጎዳል? ሀጂ ሀፊዝ ሠርጋቸው ይነወራል። ጣሀ አብሮኝ ተሸክሟል፤ እሱም ይታማል። የእኔ ስም ደግሞ የእኔ ብቻ አይደለም፤ ያስተማርኋቸው ሁሉ ስም ነው። ይህን ሁሉ ለራሴ ዘረዘርሁ። ዘርዝሬ ስጨርስ ዝርዝሩ ውስጥ ብዙዬ የለችም።

ነፋሱ ተነሥቷል። ዕቃ ቤቱን ከፍቼ በድስቶቹ መካከል ጆንያ ከተትሁ። ዝም አሉ። ዝምታቸው ባሰ።

እሑድ፣ መጋቢት 21

ዒድ። ተክቢራው ከተማውን ሞላው። ሰው ሁሉ ሰውን ይቅርታ ይጠይቃል። እኔም ጠየቅሁ፤ ለሁሉም፣ በጅምላ።

ፋኢዛ ሥጋ አቀረበች። ከሠርጉ ወዲህ ሥጋ እንዳልቀመስሁ ታውቃለች።

«ሰውዬ፣ የሆነ ነገር አለብህ። ወይ ንገረኝ ወይ ብላ።»

በላሁ።

ዓርብ፣ መጋቢት 26

ንግግሬን ጻፍሁ። አራት ገጽ ሆነ፤ ስለ ኃላፊነት፣ ስለ አደራ፣ ስለ ስሕተትና ስለ ዓላማ ልዩነት። አነበብሁት። ቄስ ጸጋው ቢሰሙት «ቤትህ በዚያ በኩል ነው» ይሉኝ ነበር። ቀደድሁት። አንድ ዐረፍተ ነገር ቀረ፤ «ጨርቁን የፈታሁት እኔ ነኝ።» በትንሽ ወረቀት ጽፌ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትሁ። አራት ቃል እንዳይጠፋብኝ ወረቀት የሚያስፈልገኝ ሰው ሆኛለሁ።

ቢሆንም ወስኛለሁ። እሷ ከመናገሯ በፊት እነሣለሁ። ዛሬ ከሠርጉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ እንቅልፍ ይወስደኛል ብዬ አስባለሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 28

ስብሰባው ተደረገ። ቅሬው አልተከፈለም፤ አልሐምዱሊላህ። ድንኳኑም አልተቆረጠም። ድስቶቹን በተመለከተ፣ ከእንግዲህ እጀታቸው በቀለም ይቀባል። ብዙዬ ለቅሬው ወጥ መሥራቷ ይቀራል፤ በቅጣት አይደለም፣ «ለጊዜው ይረፍባት» ተብሎ ነው። ቄስ ጸጋው ምእመናናቸውን ጠበል ረጭተዋል። ሸህ ሙንዚርም ዱዓ አድርገዋል። ሁሉም በሥርዓቱ ነው።

ስብሰባው ሲከፈት ልነሣ ነበር። ማለት ጉልበቴን ይዤ ወደ ፊት ዘንበል ብዬ ነበር። ብዙዬ ከሴቶቹ መካከል ታየኛለች፤ መርየም አጠገቧ ናት። ሸሁ «ስለ ጉዳዩ የሚያውቅ ይናገር» አሉና ጠበቁ። ረጅም ጊዜ ጠበቁ። ቄስ ጸጋው ወደ እኔ ዞሩ። ሸሁም ዞሩ። ከኋላዬ መስኮት ስላለ ይሆናል፤ ብርሃን ነበር።

ያኔ ብዙዬ ተነሣች። ነጠላዋን አደገደገች።

«ያደባለቅሁት እኔ ነኝ። ዝናቡ አስደንግጦኝ ነው፤ ሆን ብዬ አይደለም። ሁላችሁም አብራችሁ እንዳኖራችሁኝ፣ አሁን በኔ ድስት አትለያዩ። አውፍ በሉኝ፤ ይቅር በሉኝ።»

  የሸህ ሙንዚር ድምፅ ደክሞ ነበር። «በኛ ባህል አውፍታ በጅምላ የለም» አሉ። «በዚህ ዓለም ያልተባለ ለወዲያኛው ያድራል። እያንዳንዱ ባፉ፣ በተራ፣ ዓይኗን እያየ አውፍ ይበላት።»

ከበሩ በኩል ተጀመረ። ሀጂ ሀፊዝ ቀዳሚ ነበሩ። «አውፍ ብዬሻለሁ፣ ብዙዬ። ብቻ እውነት ለመናገር፣ የዚያን ቀን ወጥ ጣፍጦኝ ነበር፤ የሚስቴ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁለት ወር ወዲህ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ባንድ ጊዜ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። ብዙዬም ሳቀች፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ቀጥሎ ጣሀ፤ «አውፍ በይኝ አንቺው» ብሎ እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዙት። ቀጥሎ ነጂባ። ቀጥሎ ቄስ ጸጋው፤ እሳቸው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብቻ አሉ፤ ሲቀመጡ ግን ያዩት እኔን ነው። ፋኢዛ አቀፈቻትና ምንም ሳትል ቆየች፤ ሸሁም ያንን ተቀበሉት።

ወረቀቱን በጣቶቼ ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር።

ተራው እኔ ዘንድ ደረሰ። ብዙዬ ቀና ብላ አየችኝ። አልቸኮለችም።

እኔም አውፍ አልኋት።